የደጋፊ ቆብ

ለጎልማሶች የንባብ ቡድን የተደረገ ንግግር



ስለ ቆብ ሥራችን እንድንነግራችሁ ጠራችሁን፤ እኛም መጣን። ንግግር አዋቂዎች አይደለንም። እጃችን ሥራ ካልያዘ ቃል ይጠፋናል። ስለዚህ ክርና መርፌያችንን ይዘን መቀመጣችንን አትቀየሙን። እየሠራን እንናገራለን፤ እናንተም እያያችሁ ትሰማላችሁ።

እኛ ከሐይቅ ዙሪያና ከአምባሰል ደጋ የተሰባሰብን ሴቶች ነን። አሥራ አንድ ነን። ሙስሊምም ክርስቲያንም አለን። ባል የሞተባት አለች፤ ገና ያላገባችም አለች። ሥራችን ቆብ ነው። የእረኛ ቆብም እንሠራለን፤ ዛሬ የምንነግራችሁ ግን ስለ ደጋፊ ቆብ ነው። ኳስ ጨዋታ የሚያዩ ሰዎች የቡድናቸውን ቀለም ለይተው በራሳቸው ላይ የሚያጠልቁት ቆብ ማለታችን ነው።

«ኳስ ለሚያይ ሰው ቆብ ምን ያደርግለታል?» የሚል አይጠፋም። እኛም ብለን ነበር። አንዷ እናታችን እንዲያውም፣ «የሚሮጠው ሌላ፣ የሚያልበው ሌላ፣ ቆብ የሚገዛው ሌላ!» ብላ አስቃናለች። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ደጋፊ ማለት ሜዳ ሳይገባ የሚጫወት ሰው ነው። ቡድኑ ሲያሸንፍ «አሸነፍን» ይላል እንጂ «አሸነፉ» አይልም። የኛ ነው የሚለውን ነገር ደግሞ ሰው በልብሱ ያሳያል። ሠርገኛ በልብሱ ይታወቅ የለም? ሐዘንተኛስ? ደጋፊም እንደዚያው ነው።

ሥራውን እንዴት እንደጀመርን እንንገራችሁ።

አገራችን የአፍሪካን ዋንጫ ያገኘችው አንድ ጊዜ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ ነው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ እየራቀ ሄደ። በመጨረሻ 31 ዓመት ሙሉ ወደ ውድድሩ ሳትገባ ቀረች። በ2005 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ግን ተስፋ መጣ። ብሔራዊ ቡድናችን ካርቱም ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፎ ነበር። ጥቅምት 4 ቀን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸነፈ። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ በሰው አገር ብዙ ያገባ ይቅደም በሚለው ሕግ የኛ ቡድን አለፈ። የዚያን ለት ራዲዮ ያለበት ቤት ሁሉ ሰው ሞላው። ልጆች አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ያለበትን ማናቸውንም ጨርቅ እየጠመጠሙ ወደ መንገድ ወጡ።

ያን ጊዜ ሹራብ የምንሠራው ሦስት ብቻ ነበርን። ለልጆቻችን ነበር የምንሠራው። አንዷ በሦስቱ ቀለም አንድ ቆብ ሠርታ ለልጇ አጠለቀችለት። ልጁ ወደ ሐይቅ ከተማ ወርዶ ሳይመለስ ቆቡን ሰው ገዛው። ልጁ ባዶ ራሱን፣ ገንዘብ ይዞ መጣ። እናቱ መጀመሪያ ተቆጣች፤ ገንዘቡን ስትቆጥር ዝም አለች። ሥራችን የተጀመረው እንግዲህ በዚህ ነው።

ከጥቅምት እስከ ጥር እንደ ጉድ ሠራን። በኩራዝ ሠራን። ከክር ሻጭ በዱቤ ወሰድን። ጥር 13 ቀን፣ ልክ ዋንጫው በመጣበት ቀን፣ ቡድናችን በደቡብ አፍሪካ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ወጣ። ዛምቢያ ያን ጊዜ ዋንጫውን ይዛ የነበረች ናት። ቆብ አልቆብን ነበር። ጥር 17 ቀን ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈን። ገዢው ቀዘቀዘ። ጥር 21 ቀን ናይጄሪያ 2 ለ 0 አሸነፈችን፤ ከውድድሩም ወጣን። በማግስቱ ቆብ የሚጠይቅ አንድ ሰው አልነበረም። እኛ ዘንድ በጆንያ ያልተሸጠ ቆብ ነበር፤ የክሩም ዱቤ አልተከፈለም ነበር።

ይህን ልብ በሉ። ገብስ ዛሬ ባይሸጥ ለከርሞ ጎተራ ይቀመጣል። የደጋፊ ቆብ ግን እንደ ወተት ነው። ጨዋታው ሳያልፍ ካልተሸጠ ይበላሻል። ክሩ ይበላሻል ማለታችን አይደለም፤ ፍላጎቱ ይበላሻል። ያን ዓመት ዱቤውን የከፈልነው አንዷ ጠቦት ሸጣ፣ ሁለቱ ደግሞ የሰው አረም አርመው ነው።

ታዲያ ለምን አልተዋችሁትም ትሉን ይሆናል። ለመተው አስበን ነበር። ነገር ግን ሥራው ሌላ ሥራ የማይሰጠው አንድ ነገር አለው። ሕፃን ታቅፎ ይሠራል። በግ እየጠበቁ ይሠራል። ቡና እስኪፈላ ይሠራል። መሬት አይጠይቅም። መሬት የሌላት ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች።

ሁለተኛው ዕድል በ2009 ዓ.ም. መጣ። ጥር 6 ቀን የወልድያ ስታዲየም ተመረቀ። ከሐይቅ በውጫሌ፣ በውርጌሳ፣ በመርሳ አድርጎ ወልድያ የሚገባውን መንገድ ታውቁታላችሁ። የወልድያ ክለብ ያን ዓመት ከትልልቆቹ ክለቦች ጋር በፕሪሚየር ሊግ ይጫወት ስለነበር ከሩቅ አገር ቡድን ይመጣል፤ ደጋፊም ይመጣል። መኪናው በኛ በር ያልፋል። ቆባችንን በዘንግ ሰክተን መንገድ ዳር ቆምን። ያን ጊዜ ስድስት ሆነን ነበር።

አሁን ሒሳቡን እንንገራችሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሞኛል፤ እኛም ተሞኝተናል።

አንድ ነጋዴ መጥቶ፣ «ያላችሁን ቆብ ሁሉ በአንዴ ልውሰድላችሁ» አለን። ደስ አለን። በጅምላ የሚወስድ ሰው ማግኘት ቀላል ነው እንዴ? እሱ የሰጠን ዋጋ የክሩን ዋጋ ሸፍኖ ትንሽ ይተርፈው ነበር። «አተረፍን» አልን። ከመካከላችን አንዷ ልጇ ሰባተኛ ክፍል ነው። ልጁ ደብተር አውጥቶ ጠየቀን። «አንዱን ቆብ በስንት ቀን ትሠሩታላችሁ?» አለ። «በአንድ ውሎ» አልነው። «ታዲያ የውሏችሁ ዋጋ የት ተጻፈ?» አለን። መልስ አጣን።

ቁጥሩ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ አካሄዱን ለማሳየት ግን እንዲህ እንበል። የአንድ ቆብ ክር 80 ብር ይሁን። መጓጓዣውና ማጠቢያው 10 ብር ይሁን። ሁለቱ 90 ብር ይሆናሉ። የአንድ ቀን የጉልበት ሥራ በአገሩ 200 ብር ይከፈላል እንበል። እንግዲህ ቆቡ ለኛ 290 ብር ወጥቶበታል ማለት ነው። ነጋዴው 150 ብር ቢሰጠን ከ150 ላይ 90 ስንቀንስ 60 ብር ይቀራል። 60 ብር ትርፍ አይደለም። 200 ብር የሚያወጣ ውሎ በ60 ብር መሸጥ ነው።

ይህን ስንል የተቆጡ ባሎች ነበሩ። «የማታ ሥራ ምን ዋጋ አለው? ያለዚያማ ትተኛላችሁ» አሉን። እንተኛ ይሆናል። እንቅልፍም ዋጋ አለው። ሌሊቱን ቆብ ስትሠራ ያደረች ሴት ጧት ወፍጮ ስትሄድ እግሯ ይተሳሰራል።

ይሁን እንጂ እውነቱን ለመናገር ሁልጊዜ 290 ብር አናገኝም። አንዳንድ ጊዜ በ200 እንሸጣለን። ልዩነቱ አሁን እያወቅን መሸጣችን ነው። ደብተራችን ላይ ሦስት መስመር አለ። ክር፣ ውሎ፣ የተሸጠበት ዋጋ። ሦስቱን የማይጽፍ ሰው ሥራ ውስጥ ይሁን ዕዳ ውስጥ ይሁን አያውቅም።

ስለ ሥራው ዐይነት ጥቂት እንንገራችሁ። እዚህ ያላችሁ እናቶች ኪሮሽ ታውቃላችሁ፤ ቆብ በኪሮሽም ይሠራል። እኛ ግን በሹራብ መርፌ እንሠራለን፤ የተሻለ ይለጠጣልና። ክሩ በክር ውስጥ ሾልኮ የሚሠራውን ቀለበት እኛ ዐይን እንለዋለን። ሥራው የሚጀመረው ከቆቡ አፍ ነው። ወደ ላይ ይወጣል። አናቱ ጋ ሲደርስ ዐይኑን ሁለት ሁለት እያደረግን እንቀንሳለን፤ እንደ እንቅብ ክዳን ይሰበሰባል።

መጀመሪያ ላይ ትልቁ ችግራችን እጅ ነበር። የአንዷ እጅ ጠባቂ ነው፤ የሌላዋ እጅ ልል ነው። ሁሉም 99 ዐይን ጀምረው የአንዷ ቆብ ለሰው ልክ ሲሆን የሌላዋ ዐይን ላይ ይወርዳል። ደጋፊ ዐይኑን የሚሸፍን ቆብ ምን ያደርግለታል? ጨዋታውን መቼ ሊያይ ነው? በኋላ መፍትሔ አገኘን። ሥራ ሳይጀመር እያንዳንዷ የመዳፍ ያህል ትንሽ ናሙና ትሠራለች። በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዐይን እንዳለ ትቆጥራለች። 20 ዐይን ከገባ 99ኙ ዐይን 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። የአዋቂ ሰው ራስ ዙሪያው አብዛኛውን ጊዜ ከ55 እስከ 58 ሳንቲ ሜትር ነው። ቆቡ ስለሚለጠጥ 50ው ይበቃል፤ ራስንም ይይዛል። 16 ዐይን ብቻ ከገባ ግን 99ኙ 62 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ያቺ ሴት ቀጭን መርፌ ይሰጣታል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ለዚህ ስንጣላ ሁለት ዓመት ፈጀብን።

የክር ነገርም አለ። ፋብሪካ የሠራው የሹራብ ክር በቀለም በቀለም ይገኛል። ሲገዛ ግን ቀዩን መፈተን ነው። ጫፉን አርጥቦ በነጭ ጨርቅ መጭመቅ። ጨርቁ ከቀላ ክሩ ቀለም ይለቅቃል። አንድ ጊዜ ይህን ሳናደርግ ቀርተን የሸጥናቸው ቆቦች በመጀመሪያው ዝናብ ቢጫው ብርቱካን መሰለ። ገዢዎቹ እየመጡ ወቀሱን። ትክክል ነበሩ።

የአምባሰል ደጋ በግ ጸጉርም ሞክረናል። ሸልተን፣ አጥበን፣ ነድፈን፣ እናቶች በእንዝርት ፈተሉት። መልካም ክር ወጣው። ባናው ከዚሁ አይደል የሚሠራው? ስናጥበው ግን በፈላ ውሃ አጠብነው። ቆቡ ተኮማትሮ የድመት ቆብ አከለ። የበግ ጸጉር ሙቅ ውሃና መታሸት አይወድም፤ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠብቃል። አሁን በለብታ ውሃ፣ ሳናሽ፣ ጫን ጫን እያደረግን ነው የምናጥበው። የእረኛውን ቆብ የምንሠራው በዚህ በጉ በራሱ ቀለም፣ በነጭና በቡናማ ነው። በሰሜን ተራሮች ያሉ ሰዎችም ከበግ ጸጉር ቆብ ሠርተው ለጎብኚ ይሸጣሉ።

የሩቅ አገር ሰዎችን ነገር ደግሞ ስሙ። በደቡብ አሜሪካ፣ ፔሩ በምትባል አገር፣ ቲቲካካ የሚባል ትልቅ ሐይቅ አለ። በሐይቁ ውስጥ ታኪሌ የምትባል ደሴት አለች። እዚያ ቆብ የሚሠሩት ወንዶች ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ይማሩታል። ቆቡም ይናገራል፤ ያገባና ያላገባ በቆቡ ይለያል። የሠሩትንም በየግል እየሮጡ ዋጋ ከመጣጣል በጋራ መደብር ይሸጣሉ። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ይህን የእጅ ጥበባቸውን የሰው ልጆች የማይዳሰስ ቅርስ ድንቅ ሥራ ነው ብሎታል። ይህን ያነበበችልን ልጅ «ወንዶች» ስትል እዚህ ያሉ ባሎቻችን ወደ መሬት አዩ።

እንግሊዝ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1571 አንድ ሕግ ወጥቶ ነበር። ከመኳንንቱ በቀር ከስድስት ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሁሉ በእሑድና በበዓል ቀን በአገሩ የተሠራ የሱፍ ቆብ ያድርግ፣ ያላደረገ ይቀጣል የሚል ነው። ለቆብ ሠሪዎች ገበያ እንዲገኝ ነው። ሕጉ 26 ዓመት ቆይቶ ተሻረ። በግድ የመጣ ገዢ ግዴታው ሲያበቃ ይሄዳል። የኛም ገዢ ጨዋታው ሲያበቃ ይሄዳልና ይህን ስንሰማ የእንግሊዝ ቆብ ሠሪዎች አሳዘኑን።

አሁን ልንነግራችሁ ወደ መጣንበት ነገር እንግባ። ለመናገር ያሳፍረናል። ግን እናንተም አሁን ፊደል የለያችሁ ስለሆናችሁ መስማት ይገባችኋል።

ሥራችን ትንሽ ከታወቀ በኋላ አንድ ዓመት የአንድ ክለብ ደጋፊዎች ነን ያሉ ልጆች መጡ። የክለቡን ስም አንናገርም። «60 ቆብ እንፈልጋለን። በመሐሉ ዙሪያውን ጽሕፈት ይግባበት» አሉን። ጽሕፈቱን በወረቀት ላይ በትልልቁ ጽፈው ሰጡን። ዋጋውም ከወትሮው የበለጠ ነበር። ግማሹን ቀብድ ሰጡን። ቀብዱን ይዘን ክር ገዛን።

ያን ጊዜ ከመካከላችን የሚያነብ ሰው አልነበረም። አንዷ ብቻ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ገና ገብታ ነበር፤ ያን ሰሞን ወልዳ አራስ ቤት ነበረች። እኛ ጽሕፈቱን እንደ ጥለት አየነው። ይህ ቋሚ ነው፤ ይህ ጋዳሚ ነው፤ ይህ ክብ ነው። ዐይን እየቆጠርን ገለበጥነው። ቆብ ከአፉ ወደ ላይ ስለሚሠራ ፊደሉም የሚሠራው ከእግሩ ወደ ራሱ ነው። መጀመሪያ እግሮቹ ብቻ ይታያሉ፤ በኋላ ወገቡ ይመጣል፤ በመጨረሻ ራሱ። አምሮ ነበር። እውነቱን እንናገር፤ በጣም አምሮ ነበር። ሰው ሁሉ እያየ አደነቀን።

43 ቆብ አልቆ ሳለ ያቺ እኅታችን ከአራስ ቤት ወጣች። ልናሳያት ጠራናት። አንዱን ቆብ አንሥታ በጣቷ እየነካች ፊደሉን አንድ በአንድ ጠራች። አዲስ አንባቢ እንዴት እንደሚያነብ ታውቃላችሁ፤ ቀስ ብላ ነው። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቆቡን ወረወረችው። «ይሄ ስድብ ነው» አለች። የሌላ ከተማ ሰዎችን በዘራቸው የሚሰድብ ቃል ነበር። ደግመን አንሰማችሁም።

ዝም አልን። ከዚያ ክርክር ተነሣ። አንዷ፣ «እኛ እጅ ብቻ ነን። ኃጢአቱ የሚያደርገው ሰው ነው» አለች። ሌላዋ፣ «ቀብዱን በልተናል፤ ከየት አምጥተን እንመልሳለን?» አለች። ይህም እውነት ነበር። ሦስተኛዋ፣ በዕድሜ የምትበልጠን፣ እስከዚያ ድረስ አልተናገረችም። «እኔ ልጄን የዳርኩት እዚያ ከተማ ነው» አለች። «የልጅ ልጄ ይህን ቆብ ያየ ለት አያቱ እንደሠራችው ማን ይነግረዋል?»

ያን ማታ ቡናው ሦስተኛው ደርሶ ተጠጣ፤ ሳንስማማ ተለያየን። የተስማማነው በነጋታው ነው። ሁላችንም አይደለንም፤ አንዷ ተቀይማ ከቡድኑ ወጣች። እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። እሷንም አንፈርድባትም፤ አምስት ልጅ ታሳድግ ነበር።

ሹራብ አንድ ደግነት አለው፤ ይተረተራል። ግን ከተጀመረበት አይተረተርም፤ ካለቀበት ነው የሚተረተረው። ስለዚህ ጽሕፈቱን ለማጥፋት ከአናቱ ጀምረን ወደ ታች መፍታት ነበረብን። የ43 ቆብ አናት ፈታን። ፊደሉን ከራሱ ወደ እግሩ ፈታነው። የተፈታ ክር እንደ በግ ጸጉር ይጠቀለላል፤ ስለዚህ በውሃ ነክረን፣ ድንጋይ አንጠልጥለንበት፣ እስኪቃና አሰጣነው። ከዚያ እንደገና ሠራን። ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀብን። ውሎውን ብታሰሉት ዕዳችንን ታገኙታላችሁ።

ልጆቹ ሲመጡ ባዶ ቆብ አሳየናቸው። ተቆጡ። «እናንተን ምን አገባችሁ? የተነገራችሁን ሥሩ» አሉ። አንዱ ልጅ ግን አንገቱን ደፍቶ ነበር። ቀብዱን በሦስት ጊዜ ከፍለን መለስን። በሌላ ሰው አሠርተው እንደሆነ አናውቅም።

እኛ ያለንበት አገር የውጫሌ አገር ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ ላይ ከኢጣሊያ ጋር ውል ተፈረመ። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ ሌላ፣ በኢጣሊያንኛ ሌላ ሆኖ ተገኘ። በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሥ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲጻጻፍ ቢፈልግ በኢጣሊያ በኩል ሊያደርገው ይችላል ይላል። በኢጣሊያንኛው ግን በኢጣሊያ በኩል ማድረግ አለበት ይላል። ያ አንድ ቃል በ1888 ዓ.ም. እስከ ዐድዋ አደረሰ። አባቶቻችን ይህን ሲያወሩ ሰምተን አድገናል። ታዲያ እዚሁ አገር ቁጭ ብለን ያላነበብነውን ቃል 43 ጊዜ ጻፍን። የኛ ቃል ጦር አላመጣም፤ ግን ሜዳ ላይ ድንጋይ የሚያስነሣው እንዲህ ያለው ቃል መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ሁላችንም የተመዘገብነው። አሥር ሆነን ማታ ማታ ተማርን። ለፈተና ብለን አልነበረም።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ሐይቅ ሲመጣ ተበተንን። አንዳንዶቻችን ልጅ አዝለን በእግር ሄድን። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ክራችን ተበትኖ ጭቃ ላይ አገኘነው። ጥር 1 ቀን ብሔራዊ ቡድናችን ካሜሩን ላይ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ሲጫወት ቆብ የጠየቀን ሰው አልነበረም። የተረፈውን ክር አጥበን ለልጆች ሠራንበት። ብርድ ነበር። ሦስቱ ቀለም ስለነበረን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ደጋፊ መሰለ።

አሁን እንዴት እንደምንሠራ ለመጠየቅ እጃችሁን ያነሣችሁ አላችሁ፤ እንመልሳለን። ቀብድ ሳንቀበል የክለብ ቀለም አንጀምርም። ቀብዱ ቢያንስ የክሩን ዋጋ መሸፈን አለበት። ጨዋታው ከመድረሱ ሁለት ሳምንት በፊት ሥራ እናቆማለን፤ ከዚያ መሸጥ ብቻ ነው። የተረፈን ቆብ ካለ አናቱንና ጽሕፈቱን ተርትረን የእረኛ ቆብ እናደርገዋለን። ሐምሌና ነሐሴ ደጋው ላይ ቆብ የማይፈልግ እረኛ የለም። እረኛ ደግሞ ቡድኑ ተሸነፈ ብሎ ቆቡን አያወልቅም። እውነት ለመናገር ከዓመት ዓመት የሚያኖረን እሱ ነው፤ ደጋፊው እንደ በልግ ዝናብ ነው፤ ሲመጣ ደስ ይላል።

ለጽሕፈት ደግሞ ይህን ባለ ካሬ ደብተር እንጠቀማለን። አንዱ ካሬ አንድ ዐይን ነው። ለአንድ ፊደል 7 ካሬ ወርድ እንሰጣለን፤ በመካከል 2 ካሬ ባዶ እንተዋለን። ሲደመር 9 ነው። 99ኙን ዐይን ለ9 ብናካፍለው 11 ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ቆብ ዙሪያ 11 ፊደል ይገባል። ከዚያ የረዘመ ቃል የሚያመጣ ሰው ያሳጥር። «በ» ቀላል ናት፤ እንደ በር መቃን ቀጥ ቀጥ ያለች ናት። «ሠ»ም አታስቸግርም። «መ» ግን በሁለቱ ዐይኖቿ አሠቃይታናለች፤ «ዐ»ም ካሬ ላይ ክብ አልሆን ትላለች። ሁለት ቀለም ሲሠራ ከኋላ የሚሄደውን ክር አትጎትቱት፤ ከተጎተተ ቆቡ ይጨማደዳል።

ደብተሩን አሁን እናዞራለን። እርሳስም አለ። እያንዳንዳችሁ ስማችሁን በካሬ ጻፉበት፤ እንደ ቆብ ሠሪ ከፊደሉ እግር ጀምራችሁ ወደ ላይ። ስሙ በ«በ» የሚጀምር ሰው ካለ እሱ ይቅደም።